አርባ በርጩማ ለአንድ ሜዳ

መስከረም 28

የምልከውንም የሚደርሰኝንም ደብዳቤ በላክሁበትና በደረሰኝ ቀን በዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ነጋዴ ቅጂ ያላስቀረለትን ወረቀት ከእጁ አያወጣም።

ዛሬ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ጉዳይ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ማዘጋጃ ቤቱ እስከ መጋቢት 1 ቀን ድረስ ጊዜ ሰጥቷል። ሰፈሩ አሳማኝ የመናፈሻ ፕላን ካቀረበ ሜዳው መናፈሻ ይሆናል፤ ካላቀረበ የከባድ መኪና ማቆሚያ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ባልዲና በርጩማ የምሸጠው እኔ ሰብሳቢ ሆንኩ። ምክንያቱ ስብሰባው ላይ አለመኖሬ ነው። የቀረ ሰው ነው የሚመረጠው።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን ይዞ መጣ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሰብሳቢ!»

«ምን አደረግኋችሁ እኔ?»

«ምን ቸገረሽ? የአክስትሽ ልጅ ውጭ አገር የመናፈሻ መሐንዲስ አይደል? አንድ ፕላን ያቅተዋል?»

«አያቅተውም» አልኩ። ሳልመዝን የሸጥኩት የመጀመሪያ ዕቃ ይኸው ነው።

አንዳንዱ የመኪና ማቆሚያው ለሱቄ ይበጃል ይለኛል። አስቤበታለሁ። መኪናውን አቁሞ የሚሄድ ሰው ባልዲ አይገዛም። ልጁን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ግን መነሣቱ አይቀርም፤ ሲነሣም ሱቄን ያያል።


ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለቀጮ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ በጤና አለን። እናትህ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። የረገጥከው መሬት ይመቸህ፣ የጀመርከው ይሙላልህ።

በስልክ መናገር እችል ነበር፤ ግን በስልክ የተባለ ነገር ለምክር ቤት አይቀርብም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ሜዳውን ታስታውሰዋለህ፣ ኳስ ስትጫወቱ መስኮት የሰበራችሁበትን። ርዝመቱ በእኔ እርምጃ ሰማንያ፣ ወርዱ ሃምሳ አምስት ነው። ሦስት ዛፎችና አንድ ቧንቧ አለው። በአንድ በኩል የታክሲ ማቆሚያ፣ በሌላው የትምህርት ቤቱ በር ያዋስኑታል። ሁለት የሲሚንቶ መቀመጫዎችም አሉት፤ ፊታቸውን ወደ ግንብ አዙረው ፀሐይ ላይ ስለተተከሉ ፍየል እንኳ አይተኛባቸውም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የመናፈሻ ፕላን ሥራልን፤ በመስመር የተሠራ፣ ማኅተምህ ያረፈበት። እስከ ጥር ቢደርሰን ይበቃል።

እህትህ


ኅዳር 11

ለማከብርዎ እትዬ፤

እንደምን ከረሙ? ሱቁስ? ገበያዎ ይድራ፣ እጅዎ አይጠር። ደብዳቤዎን ሳነብ የሰበርነው መስኮት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። መልሴ የዘገየው ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ እዚህ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው።

ሥዕሉ ይደርሳል። ከሥዕሉ በፊት ግን ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። የቆሻሻ መጣያ በር ላይ አይተከልም። ሰው ሲገባ በእጁ የያዘውን ገና እየበላ ነው። ከበሩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ የሚበላው ከሚያልቅበት ቦታ ላይ ይተከል። ክዳኑ በእጅ የሚነሣ ከሆነ ሰው ይጸየፈዋል፤ ቆሻሻውን ከጎኑ መሬት ላይ አስቀምጦ እንደ ጣለ ይቆጥረዋል። ከላይ ዘንበል ያለ ጣሪያ ይኑረው፤ የሚጣልበት በጎኑ ይሁን፤ ባዶ የሚያደርጉበት በር ደግሞ ከኋላ። ወደ ላይ የሚከፈት ከሆነ የሚያነሣው ሰው ወገብ አይተርፍም።

የመቀመጫ እግር መቀበር አለበት። በብሎን ካሰሩት በሁለተኛው ወር ይላላል፣ በሦስተኛው ይወዛወዛል፣ በአራተኛው ብሎኑ ራሱ ይጠፋል። ከቧንቧው ሥር ሲሚንቶ አያድርጉ፤ ጠጠር ያፍስሱ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። በየትኛው ሰዓት ማን ይመጣል? በየት በኩል ያቋርጣል? እባክዎ ተቀምጠው ይዩልኝ። ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ስለ ሥራዬ አትጨነቅ ይበሏት።

ታናሽዎ ቀጮ


ኅዳር 12

ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። ሰው ዕቃ ማወቁን የምለየው ሲያመሰግን ሳይሆን ሲያማርር ነው። ይህ ልጅ ስለ ፕላን አንድ መስመር ጽፎ ስለ ክዳን ግማሽ ገጽ ጻፈ። እንዲህ የሚያማርር ሰው ያንን ክዳን በእጁ ሲያነሣ የኖረ ነው። ቅጠል ሲረግፍስ መሐንዲስ ምን ሥራ ይበዛበታል?

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምክሩ ግን እውነተኛ ነው።


ኅዳር 25

ለወንድሜ ለቀጮ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ድካምህ ፍሬ ያፍራ። እንዳልከኝ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ አየሁ። ጠዋት ተማሪዎች ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ያቋርጣሉ፤ መሬቱን ረግጠው መንገድ አውጥተውበታል። ቀን የታክሲ ረዳቶች ጥላ ይፈልጋሉ። ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆች በሩን ተደግፈው ይቆማሉ። ወደ ማታ ግድም እናትህና ጓደኞቻቸው ይመጣሉ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ይዳኛሉ።

የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ደግሞ የራሱ ሐሳብ አለው። መሐል ላይ ውሃ የሚረጭ ገንዳ፣ ዙሪያውን መቀመጫ። ሥዕሉ ሲያዩት ያምራል። «እዚህ የቧንቧው ውሃ እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው» ብዬ ብነግረው «ለክብር ነው» አለኝ። ይህን ሥዕል የሚያሸንፍ ከአንተ እጠብቃለሁ። ማኅተሙን አትርሳ።

እናትህ በደስታ ሊያብዱ ነው። ሰፈሩ «የመሐንዲሱ እናት» ይላቸዋል፤ ወረፋ እንኳ ይለቀቅላቸዋል።

እህትህ


ታኅሣሥ 24

ለማከብርዎ እትዬ፤

ቤትዎ ሰላም ይሁን፣ ወደ በርዎ የሚመጣ ደንበኛ አይጥፋ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሥዕሉን ጀምሬዋለሁ።

መቀመጫው የት ይሁን ለሚለው እኔም እርስዎም ባንገምት ይሻላል። እኛ መናፈሻ ውስጥ ከመሬት ያልታሰሩ ወንበሮች አሉ፤ ሰው እንደ ወደደ ይጎትታቸዋል። ሲመሽ ሠራተኞቹ ሰብስበው በመስመር ይደረድሯቸዋል። በማግስቱ ሲመሽ ትናንት ተጎትተው የነበሩበት ቦታ ላይ ይገኛሉ። ዝናብም ቢሆን፣ ሰዉ ሌላ ሰው ቢሆንም። ሰው መቀመጥ የሚፈልግበትን ቢጠይቁት አያውቀውም፤ ወንበር ይስጡትና እግሩ ይነግርዎታል።

እርስዎ በርጩማ አለዎት። ሜዳው ላይ ይበትኑት፤ ሲመሽ የተገኘበትን በኖራ ምልክት ያድርጉበት። መቀመጫ የሚተከለው እዚያ ነው።

ታናሽዎ ቀጮ


ታኅሣሥ 25

መጀመሪያ «ሲመሽ እኔ ሰብስቤ» ብሎ ጽፎ ነበር። ያንን ሰርዞ ነው «ሠራተኞቹ» ያለው። በኃይል ስለሰረዘው ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል። ከእንግዲህ ጥርጣሬ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም።

አርባ በርጩማ ከመጋዘን አስወጣሁ።


ጥር 14

ለወንድሜ ለቀጮ፤

ጤናህ ይብዛ፣ ሐሳብህ አይንጠፍ። የሆነውን ልንገርህና ሳቅ።

ማለዳ አርባውን በርጩማ ሜዳው ላይ ዘረገፍነው። ፀጉር አስተካካዩ «ሱቁን ዘግተሽ ልትጠፊ ነው?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ተቀመጠ፣ ጎተተ፣ ተጣላ፣ ታረቀ። ሲመሽ ኖራዬን ይዤ ብወጣ ስንት በርጩማ ጠበቀኝ? ዘጠኝ።

«ቀጮ ጉድ ሠራኝ» አልኩ። አንዲት ጎረቤት አንዱን በርጩማ ደጇ ላይ አስቀምጣ አገኘኋት።

«እህቴ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የመንግሥት» አለችኝ፣ ደንገጥ ሳትል። «እየታደለ አይደል እንዴ?»

ያለ ማስታወቂያ በርጩማ ሜዳ ላይ የበተንኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ገባሁ።

በማግስቱ ሱቄን ገና ስከፍት ከየመንገዱ ሰው ይመጣል። አንዷ በአናቷ ተሸክማ፣ አንዱ በብብቱ ሸጉጦ፣ አንዱ በገመድ እየጎተተ። ሠላሳ አንድ በርጩማ በገዛ እግሩ ተመልሶ መጣ። ከፊት የሚመሩት እናትህ ነበሩ።

«አክስቴ፣ እርስዎም ወሰዱ?»

«ታዲያ ሌባ እንዲወስደው ጥዬው ልግባ?» አሉኝ። «ዞር በይልኝ፣ ቦታዬን ሰው ሳይዝብኝ።»

ቦታዬ አሉ! ትናንት የተቀመጡባትን። ሁሉም እንደዚያው። ማታ ይዘውት ይገባሉ፣ ጠዋት አምጥተው እዚያው ያስቀምጣሉ። የመንግሥት ሳይሆን የእኔ መሆኑን ሲያውቁ እንኳ ልማዱን አልተዉም። እኔም ከመሰብሰብ ተገላገልኩ።

አምስት ቀን በኖራ ምልክት አደረግሁ። አሥራ አንዱ ከታክሲ ማቆሚያው ዳር፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው። ዘጠኙ ከትልቁ ዛፍ ሥር፤ እነዚህ ከጥላው ጋር ይዞራሉ። ሰባቱ ከቧንቧው አጠገብ። አሥራ ሦስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ። መሐል ላይ፣ የመሐንዲሱ ገንዳ ሊቆም በታሰበበት፣ አንድም። መሐል የሚቀመጥ ሰው ይታያል፤ ሰው ደግሞ ማየት ነው የሚወደው።

አሁን የቀረን ያንተ ሥዕልና ማኅተም ነው። ስድስት ሳምንት አለን። ቶሎ ላክልኝ።

እህትህ


የካቲት 9

ደብዳቤ የለም። ሁለቴ ደወልኩ፤ አያነሣም። አክስቴ ዛሬ ሱቅ ገብተው «ልጄ ትልልቅ ሥራ ላይ ነው፣ አትነዝንዢው» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሳቸው ፊት ዝም ማለት ከዕዳ ይከብዳል።


የካቲት 14 ደረሰኝ

ለማከብርዎ እትዬ፤

ዛሬ ለምርቃት የሚሆን አፍ የለኝም። በዝምታዬ አሳዝኜዎታለሁ።

መሐንዲስ አይደለሁም። ማኅተም የለኝም። እዚህ መናፈሻ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠራጊ ነኝ። ቅጠል እጠርጋለሁ፣ ቆሻሻ አነሣለሁ፣ ወንበር እሰበስባለሁ፣ ብሎን አጠብቃለሁ። ሥዕሉን ልሞክር ብዬ አምስት ጊዜ ሳልኩት፤ ዛፎቹ ሁሉ ጎመን መሰሉብኝ።

የመጣሁ ሰሞን ለእማዬ «መናፈሻ ውስጥ ሥራ አገኘሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ያነበበላት ጎረቤት «ይሄማ ምህንድስና ነው» ብሏት ኖሯል። በስልክ ደስታዋን ስሰማ አላረምኩም። በዓመቱ ላርም ብነሣ እርማቱ ከስሕተቱ ገዝፎ ጠበቀኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለፈ። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ዝም ማለቴም ያው ነው፣ አውቃለሁ።

ሰፈሩን በእኔ ተስፋ ስላስቆምኩት ይቅር ይበሉኝ። እማዬ ግን አትስማ። ወረፋ ይለቀቅላታል ብለውኛል።

ቀጮ


የካቲት 14

ለወንድሜ ለቀጮ፤

ምርቃቱን እኔ ልጀምር፤ አፍህ በእውነት እንደ ተከፈተ ይቅር። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ አንተ አገር የሚበር ሰው ይዞት ይመጣል።

ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ። ቅጠል ሲረግፍ ሥራ የሚበዛበት መሐንዲስ አላጋጠመኝም። አልተቀየምኩህም። በየደብዳቤህ የላክህልኝ ምክር አንድም አልሳተም።

ሥዕል አላጣሁም፤ ኖራው መሬቱ ላይ ነው፤ ማንም ሠዓሊ በሁለት ቀን ወረቀት ላይ ያወጣዋል። የሚቸግረኝ ምክር ቤቱ «ለምን እዚህ?» ሲለኝ የምመልሰው ነው። መልሱ ያለው ያንተ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ማንበብ ደግሞ የምችለው የጸሐፊውን ሥራ ተናግሬ ነው። የመሐንዲስ ቃል ነው ብዬ ካነበብኩት የሐሰት ምልክት የለጠፍኩበት ባልዲ ሸጥኩ ማለት ነው፤ ሲሰነጠቅ የሚመለሰው ወደ እኔ ሱቅ ነው። ካላነበብኩት ደግሞ ገንዳው ወይ መኪናው ያሸንፋል።

ምርጫው ያንተ ነው። እስከ የካቲት 28 ደውለህ አንድ ቃል ንገረኝ። እምቢ ብትልም እህትነቴ ያው ነው።

እህትህ


የካቲት 27

ደወለ።

«ያንብቡት» አለ። «እማዬን ብቻ በሆነ ዘዴ ያስቀሩልኝ። እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ ትንሽ ቀን ብቻ።»

አክስቴን «መጋቢት 1 ቀን ሱቄን ይጠብቁልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«በልጄ ቀን ባልዲ ልጠብቅ?» አሉኝ። «ቀሚሴን አስተኩሻለሁ።»


መጋቢት 2

ለወንድሜ ለቀጮ፤

ያሰብከው ሁሉ እንደ ትናንቱ ይቃናልህ። ተቀመጥና አንብብ።

እናትህን ማስቀረት አልቻልኩም። በምክር ቤቱ አዳራሽ ከፊት ወንበር ላይ በተተኮሰ ቀሚስ ተቀመጡ። እኔ ከመነሣቴ በፊት አጠገባቸው ሄጄ «አክስቴ፣ ዛሬ የሚሰሙት ነገር አለ» አልኳቸው። «ለመስማት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

መሐንዲሱ ገንዳውን አሳየ፤ ተጨበጨበለት። እኔ የኖራውን ሥዕል ሰቀልኩ። «ይህን ሐሳብ የሰጠን ሰው መሐንዲስ አይደለም» አልኩ። «ውጭ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት መናፈሻ የጠረገ የሰፈራችን ልጅ ነው።» ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ ዐይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። እናትህን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ማንበብ ጀመርኩ። ሰው ሲገባ ገና እየበላ ነው ከሚለው ስደርስ የሳቀው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ጀመር። ስለ ወገብ የጻፍከው ጋ ስደርስ የማዘጋጃ ቤቱ ጽዳት ሠራተኞች ከበሩ አጠገብ ቆመው «እውነት ነው!» አሉ።

ከንቲባው መነጽራቸውን አወለቁ። «የኋላው በር ስፋቱ ስንት ይሁን ይላል?» አሉኝ። አላውቅም፣ እጠይቀዋለሁ አልኩ። «ጠጠሩ ምን ያህል ይጠልቃል? ሣሩ በሰው እግር ሲሞት ምን ያደርጋሉ? የተማሪዎቹን ሰያፍ መንገድ እንዝጋው ወይስ እናንጥፈው?» እየቀጠሉ ሄዱ። መሐንዲሱ ራሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፍ ጀመር።

ያን ጊዜ እናትህ ተነሡ።

«ክቡር ከንቲባ» አሉ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ መሐንዲስ ነው ስል ወረፋ ለቀቁልኝ እንጂ አንድ ሰው እንኳ ‹ምን ይሠራል?› ብሎ አልጠየቀኝም። ዛሬ ጠራጊ ነው ሲባል እርስዎ ሰባት ጥያቄ ጠየቁ። ተቀምጬ ቆጥሬያለሁ።»

ተቀመጡ። ሳቁም ጭብጨባውም አንድ ላይ መጣ። ድምፅ ሲሰጥ አሥራ አራት ለእኛ፣ አምስት ለመኪና። የገንዳውን ሥዕል ከውድድሩ ያወጣው መሐንዲሱ ራሱ ነው።

መንገድ ላይ ግን ዞር ብለው ሳያዩኝ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ሰው አስቀየምኩ ብዬ ከኋላቸው ተከተልኳቸው። ደጃቸው ስንደርስ ክንዴን ያዙኝ።

«ስትጽፊለት የከንቲባውን ጥያቄ ሁሉ ጻፊ» አሉኝ። «ከዚያ ከሥር የእኔን ጨምሪልኝ። በዚያ ብርድ ጓንት ይሰጡታል ወይ? እጁ እንዴት ነው?»

ሰባቱን ጥያቄዎች በተለየ ወረቀት ጽፌልሃለሁ። ስምንተኛው ይኸው ነው።

እህትህ


መጋቢት 15

ለማከብርዎ እትዬ፤

የሚያነቡልኝ ዓይኖችዎ ብርሃናቸው አይቀንስ። የከንቲባው ጥያቄዎች መልስ በሌላው ገጽ ላይ ነው፤ የበሩን ስፋት ለክቼ፣ ጠጠሩን ቆፍሬ አይቼ ነው የጻፍኩት። ሰያፉን መንገድ ያንጥፉት፤ ተማሪን የሚያስቆም አጥር አልተሠራም። ይህን ገጽ ግን ለእማዬ ያንብቡላት።

እማዬ፤

ጓንት ይሰጡናል። በዓመት ሁለት ጊዜ። የግራዬ ቶሎ ያልቃል፤ መጥረጊያውን ከታች የምይዘው በግራ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ። በዚያ ሰዓት መናፈሻው ውስጥ ከእኔና ከአንዲት ውሻዋን ከምታስሮጥ ሴትዮ በቀር ሰው የለም። «ደህና አደርክ?» ትለኛለች፤ ስሜን ታውቀዋለች። ቅጠሉን መጀመሪያ ከመንገዱ ላይ፣ ከዚያ ከሣሩ ላይ እጠርጋለሁ። ጋሪዬ አንድ ጎማው ይጮኻል፤ ልጆች ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ። ደስ ይለኛል እማዬ። ይህንንም ነግሬሽ አላውቅም።

እጄ ደህና ነው። ብርድ ሲገባ ግን አውራ ጣቶቼ ጎን ላይ ይሰነጠቃሉ፤ አንዳንዴም ይደማሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩት የመሐንዲስ ጣት ስለማይሰነጠቅ ነው።

ምን ልቀባው?

ልጅሽ